የሕግ ቀዳዳ ምን ማለት ነው?

ቀዳዳ የሚለውን ቃል ሁላችንም የምናውቀው ከቤታችን ነው። የመርፌ ቀዳዳ ክር እንዲያሳልፍ ታስቦ የተበጀ ነው። የእንስራ ቀዳዳ ግን ሽንቁር ይባላል፤ ማንም ሳያስበው ተከፍቶ፣ ውሃ ቀጂዋ ቤቷ እስክትደርስ ድካሟን አፍስሶ ይጨርሳል። «የሕግ ቀዳዳ» ስንል የምንናገረው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው።

እንግሊዞች ይህንኑ «ሉፕሆል» ይሉታል። ቃሉ መጀመሪያ ቀስተኛ ራሱ ሳይታይ ወደ ውጭ የሚያነጣጥርበት፣ በምሽግ ግንብ ላይ የሚተው ጠባብ ክፍተት ማለት ነበር። ከ17ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ግን ከግዴታ ማምለጫ የሚል ትርጉምም አገኘ።

በቀዳዳ መሹለክ ሕግን ከመጣስ ይለያል። ሕግ የሚጥስ ሰው አጥሩን ሰብሮ ይገባል፤ በቀዳዳ የሚሾልክ ግን የሕጉን ቃል ይዞ ዓላማውን ይጥላል። ስለዚህም «ምን አጠፋሁ?» ብሎ ለመከራከር ይደፍራል።

ነገሩ የጠበቆች ብቻ እንዳይመስለን አንድ ምሳሌ እንመልከት። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 558 ጠለፋን ወንጀል አድርጎ ነበር። ይሁን እንጂ የተጠለፈችው ሴት ጠላፊዋን በነፃ ፈቃዷ በሕጋዊ ጋብቻ ካገባች ክስ አይቀርብም የሚል ቃል አብሮ ነበረ። ሲነበብ የሴቲቱን ፈቃድ የሚያከብር ይመስላል። ነገር ግን ከእናቷ ቤት ተነጥቃ የሰነበተች፣ «ከእንግዲህ ማን ያገባሻል?» እየተባለች በሽማግሌ የምትለመን ልጃገረድ «እሺ» ብትል፣ እሺታዋ ነፃ ፈቃድ ነውን? ቀዳዳው ያለው እዚህ ላይ ነበር። ጠላፊው ያችን አንዲት ቃል ካገኘ፣ ተከሳሽ መሆኑ ቀርቶ አማች ሆኖ ይቀመጣል።

ይህ ቀዳዳ እንዲደፈን የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎችም ብዙ ተከራክረዋል። በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ለጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት ደነገገ። ከጠለፋው በኋላ የሚፈጸም ጋብቻም ጠላፊውን ከወንጀል ተጠያቂነት እንደማያድነው በግልጽ አስቀመጠ።

እንግዲህ በሕጉ መጽሐፍ የነበረው ቀዳዳ ተደፍኗል። የቀረው በየቤታችን ያለው ነው። ሽምግልና የተጣላ ጎረቤት የሚያስታርቅ መልካም ባህላችን ነው። ሆኖም «ደም እንዳይፋሰስ ነገሩ በእርቅ ይለቅ» ተብሎ፣ ልጅቱ ሳትጠየቅ ክሱ እንዲቀር ሲደረግ፣ የተደፈነውን ቀዳዳ መልሰን የምንከፍተው እኛው ነን።

እናቶችና አባቶች ሆይ፣ እንዲህ ያለ መከራ ቢደርስ ከካሣውና ከእርቁ በፊት ልጃችሁን አስመልሱ፤ ለፖሊስም ሳትዘገዩ አመልክቱ። ጠላፊውና ዘመዶቹ በሌሉበት ቃሏን ስሟት። «አልፈልግም» ካለች ደግሞ፣ ሕጉ ከእርሷ ጋር መቆሙን ነግራችሁ እናንተም አብራችኋት ቁሙ።