‹‹ኔትወርክ የለም›› ስለሚለው አነጋገር

በትልቅና አሮጌ ቤት የሚኖር ሰው ኢንተርኔት ሲያስቸግረው አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ‹‹ኔትወርክ የለም›› የሚለው ነው። አነጋገሩ ለዕለት ጭውውት ቢበቃም፣ ሁለት የተለያዩ ጉድለቶችን በአንድ ቃል ስለሚጨፈልቅ ለባለሙያውም ሆነ ለሻጩ አንዳች አይገልጽም። አንደኛው ጉድለት ከውጭ እስከ ቤቱ የሚመጣው መስመር መቋረጥ ወይም መዘግየት ነው። ሁለተኛው ግን መስመሩ ደኅና ሆኖ ሳለ፣ በቤቱ ውስጥ የሚሠራጨው ሞገድ ከጓዳው ሳይደርስ መቅረቱ ነው። ይህ ባለመለየቱ፣ ችግሩ የግድግዳ የሆነበት ሰው የመስመሩን ፍጥነት አስጨምሮ በየወሩ ተጨማሪ ሒሳብ ይከፍላል፤ ጓዳው ግን እንደ ቀድሞው ነው።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ‹መስመር›፣ ለሁለተኛው ‹ሽፋን› ማለት ይገባል እንላለን። መለያውም ቀላል ነው። ከራውተሩ አጠገብ ፈጥኖ የሚሠራው ራቅ ካለው ክፍል ሲደርስ ከደከመ፣ ጉድለቱ የሽፋን ነው።

‹ሽፋን› ሲባል ግን ሞገዱ እንደ ጋቢ ቤቱን እኩል የሚያለብስ እንዳይመስል መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ጠባዩ ይልቁንም የፋኖስን ብርሃን ይመስላል፤ በራቀና ግድግዳ በተደረበበት መጠን ይደክማል። የቤት ራውተሮች በብዛት የሚሠሩባቸው ድግግሞሾች 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ ናቸው፤ የሞገዳቸው ርዝመት እንደ ቅደም ተከተላቸው 12.5 እና 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሁለተኛው ብዙ መረጃ በፍጥነት ቢያሳልፍም በግድግዳ ይበልጥ ይሸነፋል። በአዲስ አበባ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በቀሩት የድንጋይ ቤቶች ዓይነት፣ ወፍራሙ ግንብ ሞገዱን ይመጠዋል። ቆርቆሮ ደግሞ ወደ መጣበት ይመልሰዋል። ‹መምጠጥ› እና ‹ማንጸባረቅ› ሊምታቱ አይገባም።

(‹ዋይፋይ› የሚለውን የአንድ ረዥም ስያሜ አሕጽሮት ነው እያሉ ለመተርጎም የሚደክሙ አሉ። ቃሉ በ1999 እ.ኤ.አ. ለገበያ የወጣ የንግድ ስም በመሆኑ፣ እንዳለ ቢቀመጥ ይሻላል።)

ከሁሉ የሚጎዳው በገበያ ‹ማጉያ› የሚባለው ስም ነው። መሣሪያው የደረሰውን ሞገድ ተቀብሎ እንደገና ይልካል እንጂ የመስመሩን ፍጥነት አያጎላም። እንዲያውም በአንድ ድግግሞሽ የሚቀበለውና የሚልከው ዓይነት ፍጥነቱን ወደ ግማሽ ያህል ያወርደዋል። ስሙን ያመነ ገዢ ሞገድ ፈጽሞ ከማይደርስበት ክፍል ወስዶ ይሰካዋል፤ በዚያ ግን የሚደገም ነገር የለም። ‹ደጋሚ› ቢባል ኖሮ፣ ቦታው ሞገዱ ገና ሳይደክም ከመካከል መሆኑን ስሙ ራሱ ባመለከተው ነበር።

እርስ በርሳቸው እየተቀባበሉ ለሚሠሩት በርካታ መሣሪያዎች ‹ጥልፍልፍ› የሚለውን እንመርጣለን፤ ‹መረብ› ለኢንተርኔቱ ስለ ዋለ። የድንጋይ ቤት ግን ከዚህም ይልቅ የሚሻው በገመድ የሚሠራ ‹ማሠራጫ› ነው። ግንቡ አንድ ጊዜ ተበስቶ የተለመደው የመዳብ ገመድ ቢዘረጋ፣ እስከ 100 ሜትር ድረስ መረጃው በግድግዳው ሳይደክም ይደርሳል፤ ሞገዱም ከዚያው ከጓዳው ይነሣል።

ከግንብ ወይም ከቆርቆሮ ጀርባ ሞገድ ለሚያጣው ማዕዘን ደግሞ ‹ጥላ› የሚለውን እናቀርባለን። ባለቤቱም ‹‹ኔትወርክ የለም›› በማለት ፈንታ ‹‹ጓዳው ጥላ ነው›› ቢል፣ ባለሙያው ገመድ ይዞ ይመጣል።