ስለ ጽጌ ረዳ አተካከልና ስለ ሥፍራው አመራረጥ

ጽጌ ማለት በግእዝ አበባ ማለት ነው። ከአበቦችም ሁሉ ጽጌ ረዳ በመልኩና በመዓዛው እጅግ የተወደደ ነው። ነገር ግን ጤናው የሚጠበቀው በውሃ ብዛት ሳይሆን በሥፍራው መልካምነት ነው። በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ፣ ውሃ ለመቅዳት እንዲቀል ተብሎ በሐይቁ አፋፍ የተተከለ ጽጌ ረዳ ብዙ ጊዜ በበጋ ለምልሞ በክረምት ይሞታል። ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው።

የተክል ሥር ውሃን ብቻ ሳይሆን አየርንም ይሻል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናሙ ሲበረታ ሐይቁ ይሞላል፤ ዳርቻውም ይረሰርሳል። ዋልካ አፈር ደግሞ ውሃውን ይዞ አያሳልፍም። በዚህ ጊዜ አየር ከአፈሩ ውስጥ ይወጣል፤ ሥሩም ታፍኖ ይበሰብሳል። ስለዚህ ከፍ ያለና ጥቂት ተዳፋት ያለው፣ ውሃ የማይተኛበት መሬት ይመረጣል።

መሬቱን ለመፈተን 50 ሳንቲ ሜትር፣ ማለት አንድ ክንድ ያህል፣ ጕድጓድ ቈፍሮ ውሃ መሙላት ነው። ውሃው በማግስቱ ሳይሰርግ ከተገኘ ያ ሥፍራ አይሆንም። ሌላ ሥፍራ ከታጣ አፈሩን ከበሰበሰ ፍግ ጋራ ቀላቅሎ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ መደብ መሥራት ይገባል።

ሁለተኛው ነገር ፀሐይ ነው። ጽጌ ረዳ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል። ይልቁንም የጧት ፀሐይ ይሻለዋል፤ በሌሊት የወረደውን ጤዛ ፈጥና ታደርቅለታለችና። ቅጠሉ ርሶ ከዋለ ጥቁር ነጠብጣብ የሚያወጣው በሽታ ይይዘዋል። ስለዚህም በትልቅ ዋርካ ጥላ ሥር፣ ወይም ነፋስ በማይገባበት ጥግ አይተከልም። ሲያጠጡትም በጧት ከሥሩ እንጂ በቅጠሉ ላይ አያፈስሱበትም።

የአገራችን ቀጋ ለዚህ ምስክር ነው። ቀጋ የጽጌ ረዳ ወገን ነው፤ ሊንድሊ የተባለው እንግሊዛዊ የእጽዋት ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1820 ዓ.ም. ባሳተመው የጽጌ ረዳ መጽሐፍ ውስጥ በአቢሲንያ ስም ጽፎታል። ማንም ሳይንከባከበው በደጋና በወይና ደጋ፣ በጫካ ዳርና በቍጥቋጦ መካከል ነጭ አበባ ያብባል።

ከተተከለ በኋላ የደረቀውን ቅርንጫፍ መቍረጥ፣ የታመመውንም ቅጠል ለቅሞ ማቃጠል ያስፈልጋል። ክሽክሽ የሚባለው ደቃቅ ተባይ በለጋው ቅርንጫፍ ላይ ቢታይ በሳሙና ውሃ ይታጠባል። መሬቱ ከባድ ከሆነ ተክሉን በሰኔ ከመትከል ይልቅ ዝናሙ እስኪቀልል እስከ መስከረም መጨረሻ መቈየት ይሻላል።

እንግዲህ መምህራን በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ሽማግሌዎችም በየደጃቸው ጽጌ ረዳ ሊተክሉ ሲያስቡ አስቀድመው ልጆቹን የመፈተኛውን ጕድጓድ ያስቈፍሯቸው። ይህን የተማረ ልጅ ነገ ቡናውንም፣ ሎሚውንም፣ ጌሾውንም ሲተክል አስቀድሞ መሬቱን ይመረምራል፤ ድካሙም በከንቱ አይቀርበትም።