ከአሮጌ ላፕቶፕ የንግድ መዝገብን ስለ ማውጣት

የነጋዴ ሀብት በመጋዘኑ የተከመረው እህልና በመደርደሪያው የተደረደረው ሸቀጥ ብቻ አይደለም። ለማን ምን ያህል በዱቤ እንደ ሰጠ፥ ከማን በምን ዋጋ እንደ ገዛ፥ ለመንግሥት ምን ያህል ግብር እንደ ከፈለ የሚያስረዳው ጽሑፍም ሀብቱ ነው። ይህ ጽሑፍ ቀድሞ በደብተር ተመዝግቦ በሣጥን ይቆለፍ ነበር። ዛሬ ግን በዳንግላም ሆነ በእንጅባራ ሒሳቡን በላፕቶፕ የሚይዘው ነጋዴ ጥቂት አይደለም። ከፋግታ ለኮማ የዲከረንስ ከሰል ወደ አዲስ አበባ የሚጭነው፥ እህል ሰብስቦ የሚልከው፥ የቤት ዕቃና የግንባታ ዕቃ አስመጥቶ የሚያከፋፍለው ሁሉ የደንበኞቹን ስምና የዱቤውን ልክ በዚሁ መሣሪያ ውስጥ ያኖራል።

ላፕቶፑ ከዓመታት አገልግሎት በኋላ አንድ ቀን አልነሣም ባለ ጊዜ ባለቤቱ መዝገቡም አብሮ የጠፋ ይመስለዋል። ይህ ግን ሁልጊዜ እውነት አይደለም። የላፕቶፑ መበላሸት ሌላ፥ ጽሑፉን የያዘው የሃርድ ዲስክ መበላሸት ሌላ ነው። የሱቅ በር ቁልፉ ተሰብሮ አልከፈት ቢል በውስጥ ያለው ዕቃ ጠፍቷል እንደማይባል ሁሉ፥ ላፕቶፑ አልበራ ቢል በዲስኩ ላይ ያለው መዝገብ ጠፍቷል አይባልም። ከዚህም በላይ ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ። ይኸውም መዝገብን ፈጽሞ የሚያጠፋው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ብልሽት ሳይሆን ከብልሽቱ በኋላ በችኮላ የሚሠራው ሥራ መሆኑ ነው።

ጉዳዩ በዚህ ጊዜ ይበልጥ የሚያሳስብበት ምክንያት አለው። ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ስላቆመ፥ ብዙ አሮጌ ላፕቶፖች በአዲስ እየተተኩ ወደ ጓዳ ይገባሉ ወይም ይሸጣሉ። ከእነርሱ ጋር የዓመታት ሒሳብ አብሮ እንዳይሄድ ማሰብ ይገባል።

ሕግም ቢሆን መዝገብን መጠበቅ ግዴታ አድርጎታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነጋዴው የሒሳብ መዛግብቱን ለ10 ዓመት እንዲያቆይ ያዝዝ ነበር። ነጋዴዎችን የሚመለከተው የዚህ ሕግ ክፍል በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ተተክቷል። የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008ም ግብር ከፋዩ ሰነዶቹን ለዓመታት ጠብቆ እንዲያቆይ ያስገድዳል። የሒሳብ መርማሪ መጥቶ ያለፉትን ዓመታት ወጪ በሰነድ አስረዳ ባለ ጊዜ «ላፕቶፑ ተበላሽቷል» ማለት በሰነድ ፈንታ የሚቆም መልስ አይደለም። በዱቤ የሰጠውን ገንዘብ የሚጠይቅ ባለሱቅም ማስረጃ ከሌለው የሚቀረው የተበዳሪው ሕሊና ብቻ ነው።

ዲስኩ መዝገብን እንዴት እንደሚይዝ

ሃርድ ዲስክ ዛሬ የተፈጠረ ነገር አይደለም። አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1956 የመጀመሪያውን ለገበያ ባቀረበ ጊዜ መሣሪያው 50 ታላላቅ ሳሕኖች ነበሩት፤ ይይዝ የነበረውም 5 ሚሊዮን ፊደል ያህል ብቻ ነበር። የዛሬው የላፕቶፕ ዲስክ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ሲሆን ከዚያ በብዙ ሺህ እጥፍ የሚበልጥ ጽሑፍ ይይዛል። አሠራሩ ግን በመሠረቱ አንድ ነው። በውስጡ የሚያብረቀርቅ ሳሕን በደቂቃ 5,400 ጊዜ ያህል ይሽከረከራል፤ ትንሽ የማንበቢያ ራስም በሳሕኑ ላይ በአየር ተንሳፎ የማግኔቱን ምልክት ያነባል። በራሱና በሳሕኑ መካከል ያለው ርቀት ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶ ሺኛ ክፍል ያህል የማይበልጥ ስለ ሆነ፥ ዲስኩ ሲሠራ ቢወድቅ ወይም ትቢያ ቢገባበት ራሱ ሳሕኑን ይፍቀዋል። የተፋቀውን ክፍል መልሶ የሚያነበው የለም።

በዲስኩ ላይ የተጻፈው ሁሉ እንደ ዕቃ ቤት ባሕር መዝገብ ያለው ነው። ባሕር መዝገቡ የትኛው ጽሑፍ በየትኛው ስፍራ እንዳለ ያመለክታል። ሰው አንድን ፋይል ሲሰርዝ ኮምፒዩተሩ ብዙ ጊዜ የሚፍቀው ከባሕር መዝገቡ ላይ ያለውን ስም ነው፤ ጽሑፉ ግን በነበረበት ስፍራ ይቆያል። በስፍራው ሌላ ጽሑፍ የተጻፈበት ጊዜ ግን የቀድሞው ጨርሶ ይጠፋል። ስለዚህ ፋይል ጠፋ በተባለ ጊዜ የመጀመሪያው መድኃኒት መሣሪያውን ወዲያው ማጥፋትና አለመጠቀም ነው።

በቅርብ ዓመታት የተሠሩ ላፕቶፖች ኤስ ኤስ ዲ የሚባል የሚሽከረከር አካል የሌለው ማከማቻ አላቸው። ይህ ዐይነት መውደቅን ይችላል፤ ነገር ግን የተሰረዘውን ስፍራ ብዙ ጊዜ ራሱ ባዶ ስለሚያደርገው ከእርሱ ላይ የተሰረዘ ፋይል የማግኘት ተስፋ አነስተኛ ነው።

ብልሽቱን ለይቶ ስለ ማወቅ

ብልሽቱ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ላፕቶፑ ተበላሽቶ ዲስኩ ደኅና የሆነበት ነው። ማያው መሰበሩ፥ ቻርጀሩ ወይም ማዘር ቦርዱ መቃጠሉ ከዚህ ይመደባል። ሁለተኛው ዲስኩ በአካሉ ደኅና ሆኖ ጽሑፉ የተሰረዘበት ወይም ዊንዶውሱ የተበላሸበት ነው። ሦስተኛው የዲስኩ አካል ራሱ የታመመበት ሲሆን፥ ምልክቱ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ማሰማት፥ መሽከርከር ጀምሮ መቆም ወይም በሌላ ኮምፒዩተር ላይም ሲሰካ አለመታወቅ ነው። ሦስቱን ሳይለዩ ሥራ መጀመር በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት እንደ መስጠት ነው።

በመጀመሪያው ዐይነት ሥራው ቀላል ነው። ላፕቶፑ ከመብራት ተነቅሎ ባትሪው ከወጣ በኋላ የታችኛው ክዳን በካቻቢቴ ይፈታል፤ ዲስኩም ብሎኖቹ ተፈትተው በጥንቃቄ ይወጣል። ከዚያም ዲስኩን ከዩ ኤስ ቢ ጋር የሚያገናኝ ገመድ ወይም የዲስክ መያዣ ቤት ተገዝቶ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ይሰካል። ገመዱን ከመግዛት በፊት የዲስኩን መሰኪያ ማየት ያስፈልጋል። እጅግ አሮጌዎቹ ብዙ መርፌ የተደረደረበት አይ ዲ ኢ የሚባል መሰኪያ ሲኖራቸው፥ ከእነርሱ በኋላ የመጡት ሳታ የሚባለውን ጠፍጣፋ መሰኪያ ይይዛሉ። የአንዱ ገመድ ለሌላው አይሆንም። በአንዳንድ ስስ ላፕቶፖች ደግሞ ማከማቻው ከማዘር ቦርዱ ጋር ስለ ተበየደ ሊወጣ አይችልም፤ እንዲህ ያለው ለባለሙያ ይተዋል።

ዲስኩ በተሰካ ጊዜ ኮምፒዩተሩ «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ «አይደረግ» ነው። ብዙ መዝገብ የጠፋው ለዚህ ጥያቄ ሳይታሰብ በተሰጠ እሺታ ነው። ኮምፒዩተሩ ፋይሉን አሳይቶ ለመክፈት ቢከለክል ግን አያስደነግጥም፤ ፋይሉ በቀድሞው ተጠቃሚ ስም የተያዘ ስለ ሆነ፥ የአዲሱ ኮምፒዩተር ባለቤት ፈቃዱን ወደ ራሱ ሊያዛውር ይችላል። ዲስኩ ቢትሎከር በሚባለው የምስጢር ቁልፍ የተዘጋ እንደ ሆነ ግን 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ያስፈልጋል። ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ ባለቤቱ በማይክሮሶፍት በከፈተው ሒሳብ ውስጥ ይገኛል። ቁጥሩ ከጠፋ ብልኅ የተባለ ጠጋኝ እንኳ ሊከፍተው ስለማይችል፥ ላፕቶፑ ደኅና ሳለ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ማኖር ይገባል።

በሁለተኛው ዐይነት፥ ማለት ጽሑፉ በተሰረዘበት ጊዜ፥ ዋናው ደንብ የተገኘውን ፋይል ወደዚያው ዲስክ መልሶ አለመጻፍ ነው። ጠንቃቃ ጠጋኝ በቅድሚያ የዲስኩን ሙሉ ግልባጭ በሌላ ዲስክ ላይ ካወጣ በኋላ ፍለጋውን በግልባጩ ላይ ያደርጋል። ለፍለጋው ቴስትዲስክና ፎቶሬክ የተባሉ ያለ ክፍያ የሚገኙ ፕሮግራሞች አሉ። ፎቶሬክ ፋይሉን የሚያገኘው በስሙ ሳይሆን በውስጥ ይዘቱ ዐይነት ስለ ሆነ፥ የሚመልሳቸው ፋይሎች የቀድሞ ስማቸውን ያጣሉ። ባለቤቱ አንድ በአንድ እየከፈተ መለየት ይኖርበታል። ሥራው ሰዓታት የሚፈጅ ስለ ሆነም መብራት በመካከል ቢቋረጥ እንዳይስተጓጎል ባትሪው ደኅና በሆነ ላፕቶፕ ላይ ቢሠራ ይመረጣል።

በሦስተኛው ዐይነት ከሁሉ የሚበልጠው ጥበብ እጅን መሰብሰብ ነው። ቀጭ ቀጭ የሚል ዲስክ በበራ ቁጥር ራሱን ይጎዳል። ክዳኑን መክፈት፥ መደብደብ ወይም በማቀዝቀዣ ውስጥ ማኖር መዝገቡን ለማዳን ሳይሆን ለማጥፋት ይረዳል። እንዲህ ያለው ዲስክ የሚከፈተው ትቢያ በማይገባበት ልዩ ክፍል፥ የተበላሸውን የማንበቢያ ራስ በተመሳሳይ ዲስክ ራስ መተካት በሚችል ባለሙያ ነው። ዋጋውም ውድ ስለ ሆነ ባለቤቱ አስቀድሞ የመዝገቡን ጥቅም ከወጪው ጋር ያመዛዝን።

እንጅባራ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለ ደጋ በመሆኑ ስስ አየር ዲስኩን ይጎዳው እንደ ሆነ የሚጠይቅ ይኖራል። ብዙዎቹ የላፕቶፕ ዲስኮች እስከ 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ እንዲሠሩ ሆነው የተዘጋጁ ስለ ሆኑ ከዚህ በኩል ሥጋት የለም። ሥጋቱ እርጥበት ነው። በክረምት ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል የገባ መሣሪያ በውስጡ ጤዛ ስለሚይዝ፥ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ክፍሉን እስኪለምድ ድረስ መብራት ሊሰጠው አይገባም።

ፋይሉ ከወጣ በኋላ

ፋይሉ ወጥቶም ቢሆን ላይነበብ ይችላል። ከዩኒኮድ መስፋፋት በፊት የአማርኛ ጽሑፍ የሚጻፈው ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በመሳሰሉ ፕሮግራሞች ነበር። እነዚህ ፕሮግራሞች የግዕዙን ፊደል በላቲኑ ፊደል ስፍራ ላይ አሳርፈው ይጽፉ ስለ ነበረ፥ ፋይሉ ፊደሉ በሌለበት አዲስ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይታያል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፥ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የመጣው ኒያላ የተባለው ፊደል በዊንዶውስ ቪስታ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ፋይሉ ተበላሽቷል ብሎ ከመጣሉ በፊት የቀድሞውን ፊደል በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ ይጫን። ያን ጊዜ የተዘበራረቀው ጽሑፍ ተመልሶ አማርኛ ሊሆን ይችላል።

በፒችትሪ ሒሳቡን የያዘ ነጋዴም እንዲሁ ይጠንቀቅ። ፒችትሪ የአንድን ድርጅት ሒሳብ የሚይዘው በአንድ ፋይል ሳይሆን በብዙ ፋይሎች ላይ ከፋፍሎ ነው። ስለዚህ የድርጅቱ ፎልደር ሙሉውን እንዳለ ይገለበጥ፤ ከመካከሉ አንዱ ቢቀር ሒሳቡ አይከፈትም። ዛሬ ሴጅ 50 ተብሎ የሚታወቀው አዲሱ ፕሮግራም የቀድሞውን ሒሳብ ሲከፍት ወደ ራሱ መልክ ስለሚለውጠው፥ ሙከራው በዋናው ላይ ሳይሆን በግልባጩ ላይ ይደረግ።

ዲስክን ለጠጋኝ መስጠት የሱቅን ቁልፍ እንደ መስጠት ያህል ነው። የደንበኞች ስም፥ የዕቃ መግዣ ዋጋ፥ የጉምሩክ ዲክላራሲዮንና የባንክ ወረቀት በውስጡ አለ። ስለዚህ በዲስኩ ላይ የታተመውን መለያ ቁጥር መዝግቦ፥ መረከቢያ ደረሰኝ ተቀብሎ፥ ከሥራው በኋላም በጠጋኙ ዘንድ የቀረ ግልባጭ እንዲጠፋ ማድረግ ያስፈልጋል። አሮጌ ላፕቶፕ የሚሸጥ ነጋዴም ዲስኩን አውጥቶ ያስቀር፤ ፋይሉን መሰረዝ ብቻ እንደማይበቃ ከላይ ተገልጿል።

በመጨረሻም ከማውጣት መጠበቅ ይሻላል። የዱቤው መዝገብና የግብሩ ሰነድ በሦስት ግልባጭ ቢቀመጥ፥ አንዱ በሚሠራበት ኮምፒዩተር፥ ሁለተኛው በሌላ ዲስክ፥ ሦስተኛውም ከሱቁ ርቆ ቢኖር የአንዱ መጥፋት ሁሉን አያጠፋም። የዳንግላው ነጋዴ አንዱን ግልባጭ በባሕር ዳር በሚታመን ዘመድ ቤት ቢያኖር፥ ሱቁን እሳት ወይም ሌባ ቢያገኘው እንኳ መዝገቡ ይተርፋል። ግልባጩንም በየሦስት ወሩ ከፍቶ መነበቡን ማረጋገጥ ይገባል፤ ያልተፈተነ ግልባጭ እንዳልቆጠሩት ገንዘብ ነው። በየወሩ ጥቂት ደቂቃ ለዚህ ሥራ የመደበ ነጋዴ፥ ላፕቶፑ ባልነሣ ቀን የሚያጣው አንድ አሮጌ ዕቃ ብቻ ይሆናል።