የአሮጌው ሞፔድ ካርቡራቶር ሲለወጥ

አንድ አሮጌ ሞፔድ በማኅበር የያዝን የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ነን። ሞፔዳችን ዳገት ላይ ይንተፋተፋል፤ ጋዝ ሲሰጡት ይጨሳል እንጂ አይፈጥንም። ያሳየነው ባለ ጋራዥ «ሞተሩ አብቅቷል፤ ጣሉት» አለን። ያበቃው ግን ካርቡራቶሩ ብቻ ነበር። እርሱን በገዛ እጃችን ስንለውጥ የተማርነውን፣ አሮጌ ሞፔድ ላለው ጓደኛ ሁሉ ይጠቅማል ብለን እነሆ እናቀርባለን።

ካርቡራቶር አየርንና ቤንዚንን የሚያዋሕድ ዕቃ ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ግፊቱም ይቀንሳል። ስለዚህ ከሥር ካለው ጽዋ ቤንዚኑ በአንዲት የናስ ቀዳዳ ሽቅብ ተስቦ እንደ ጉም ይበተናል። በጽዋው ውስጥ ያለችው ተንሳፋፊ፣ ቤንዚኑ ሲሞላ መግቢያውን ትዘጋለች፤ ሲጎድል ትከፍታለች። የእኛው በ1933 እ.ኤ.አ. በኢጣሊያ የተቋቋመው የዴሎርቶ ሥራ ሲሆን፣ ኤስ ኤች ኤ የሚባለው ዓይነት ነው። ይኸው ዓይነት ከ1967 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. በተሠራው በፒያጆ «ቻው» ላይም ይገኛል።

በመጀመሪያ ሞተሩ ይብረድ፤ ሲጋራም እሳትም ይራቅ። የቤንዚኑ መዝጊያ ተዘግቶ ቱቦው ይነቀላል። ቀጥሎ የአየር ፊልትሮው ይወጣል፤ የላይኛው ክዳን ተፈትቶ ሞላውና የጋዙ ገመድ ከተንሸራታቹ ይላቀቃሉ። የማሠሪያው ቡሎን ሲላላ ካርቡራቶሩ ተስቦ ይወጣል። ወዲያው የሞተሩን አፍ በንጹሕ ጨርቅ መድፈን ያስፈልጋል፤ አንዲት ጠጠር ብትገባ ሲሊንደሩን ትቧጭራለችና።

አዲሱን ከማሰር በፊት ከአሮጌው ጋር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ማስተያየት ነው፤ የጉሮሮው ስፋት፣ የሚገጥምበት አፍና የናሷ ቁጥር ይመርመር። ሲገጠም እስከ መጨረሻው ይገፋ፤ ቀጥ ብሎም ይቁም፤ ካዘነበለ ተንሳፋፊዋ በትክክል አትሠራም። ማሠሪያውን ከመጠን በላይ ያጠበቀ ሰው ጆሮውን ይሰብራል። ያላላ ደግሞ አየር ያስገባል፤ ሞተሩም ማንም ሳይነካው ይጮኻል። ከማስነሣት በፊት ጋዙን ሰጥቶ መልቀቅና ተንሸራታቹ «ጠቅ» ብሎ መውደቁን መስማት ይገባል። ካልወደቀ ሞፔዱ በመንገድ ላይ እምቢ ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሯ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ካርቡራቶሩ ግን የተለካው ለዝቅተኛ አገር ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስምና ድብልቁ ይወፍራል፤ ካንዴላው ይጠቁራል። መድኃኒቱ ቀዳዳዋን በጥቂቱ ማጥበብ ነው። በናሷ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ስፋቷን በሚሊሜትር መቶኛ ይናገራል፤ 60 ማለት 0.60 ሚሊሜትር ነው። ለባሕር ዳርቻ 60 የሚስማማው ሞተር እዚህ 56 ወይም 57 ይበቃዋል። ጥቂት ተነድቶ ካንዴላው ሲፈታ የቡና መልክ ካሳየ ልኩ ተገኝቷል። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ከነጣ አንሷል።

ነገር ግን በዚህችው ጠባብ ቀዳዳ ወደ አዋሽ ሸለቆ መውረድ አደጋ ነው። በዚያ አየሩ ይወፍራል፤ ቤንዚኑ ያንሳል፤ ሞተሩ ይግላል። የብዙዎቹ ሞፔዶች ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ፣ በሊትር 20 ሚሊሊትር ያህል፣ የሚገባ ስለሆነ ቤንዚን ጎደለ ማለት ዘይትም ጎደለ ማለት ነው። ያን ጊዜ ፒስቶኑ ሲሊንደሩን ይነክሳል፤ ጎማው በድንገት ሊቆም ይችላል፤ ነጂውም ይወድቃል። ቆላ የሚወርድ ሰው ሰፊዋን ናስ መልሶ ይግጠም።

ሥራውን በጨረስን ማግሥት ክፍል ስንገባ፣ ጥፍራችን ሥር የቀረውን ቅባት ለመሸሸግ እጃችንን ኪሳችን ከተትን። ኋላ ግን «ምን አሳፈረን?» ብለን ብንጠያየቅ መልስ አጣን። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅ በሙያው እንዳይሰደብ ያወጁት በ1900 ዓ.ም. ነው። ያን አዋጅ በታሪክ ትምህርታችን እናውቀዋለን፤ ለፈተናም እናጠናዋለን፤ እጃችን ግን ገና አልሰማውም። ሞፔዱ ዛሬ ዳገቱን ይወጣል። ካቻቢቴውም እኛው ዘንድ ስላለ፣ የሚያስፈልገው ጓደኛ መጥቶ ይዋስ።