የሚመሩ ፀረ ታንክ ሚሳይሎች የመምቻ ርቀትና ለኅብረተሰቡ ያለው ትርጉም

የአንድ ሚሳይል የመምቻ ርቀት በዜናና በልዩ ልዩ ጽሑፎች ላይ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቁጥር ይገለጻል። የሚመሩ ፀረ ታንክ ሚሳይሎች ግን ዝቅተኛና ከፍተኛ የሚባሉ ሁለት የርቀት ወሰኖች አሏቸው። ወሰኖቹ የሚያመለክቱት መሣሪያው ዒላማውን በአስተማማኝ ሁኔታ ሊመታ የሚችልበትን ክልል እንጂ አደጋው የሚያበቃበትን ድንበር አይደለም። ይህን ልዩነት መገንዘብ በተለይ ውጊያ በተካሄደባቸው አካባቢዎች ለሚኖሩ ዜጎች ጠቃሚ ነው።

ከፍተኛው ርቀት በምን ይወሰናል?

ርቀቱን በዋናነት የሚወስነው ሚሳይሉ የሚመራበት ዘዴ ነው። ቀደም ባለው ዘመን የተሠሩት ሚሳይሎች ትእዛዝ የሚቀበሉት በበረራ ላይ ከጥቅሉ እየተተረተረ በሚሄድ ቀጭን ሽቦ ነው። በመሆኑም ርቀታቸው ከሽቦው ርዝመት ሊያልፍ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1963 አገልግሎት ላይ የዋለው የሶቪየት ኅብረቱ ማልዩትካ እስከ 3,000 ሜትር ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1970 ሥራ የጀመረው የአሜሪካው ቶው በመጀመሪያ 3,000 ሜትር፣ በኋላም ከተሻሻለ በኋላ 3,750 ሜትር ርቀት ነበረው። በሌዘር ጨረር የሚመራው የሩሲያው ኮርኔት ደግሞ ሽቦ ስለማያስፈልገው እስከ 5,500 ሜትር ይመታል።

ሆኖም አዲስ የሆነ ሁሉ ሩቅ ይደርሳል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 አገልግሎት የጀመረው ጃቭሊን ከተተኮሰ በኋላ ዒላማውን በራሱ የሚከታተል ቢሆንም፣ የመጀመሪያው ዓይነት ርቀቱ 2,500 ሜትር ነበር። በሰው ትከሻ የሚያዝ በመሆኑ ክብደቱ ውስን ነው፤ የሙቀት መለያ መሣሪያውም ከመተኮሱ በፊት ዒላማውን መለየት አለበት።

የመሬቱ አቀማመጥም ወሳኝ ነው። ተኳሹ ዒላማውን በዓይኑ እየተከተለ የሚመራው ሚሳይል ተኳሹ ከሚያየው ርቀት በላይ አይጠቅምም። ሜዳ ላይ 3,000 ሜትር የሚደርስ መሣሪያ በኮረብታ፣ በደን ወይም በከተማ ውስጥ የሚያገለግለው ለጥቂት መቶ ሜትሮች ብቻ ሊሆን ይችላል።

ዝቅተኛ ርቀት ለምን አስፈለገ?

ሚሳይሉ እንደተተኮሰ ወዲያውኑ በተኳሹ ቁጥጥር ሥር አይገባም። የማልዩትካ ተኳሽ ሚሳይሉን በዓይኑ እየፈለገ በእጅ መዘውር ወደ ዒላማው መስመር ማስገባት ስለሚኖርበት ከ500 ሜትር በታች ያለውን ዒላማ መምታት አይችልም። በቶው ግን ተኳሹ ዒላማውን በመነጽሩ ላይ ይዞ ሲቆይ መሣሪያው ራሱ አቅጣጫውን ስለሚያስተካክል ዝቅተኛው ርቀት 65 ሜትር ነው። ከዚህም ሌላ የማፈንጃው ክፍል ተኳሹን እንዳይጎዳ ሚሳይሉ የተወሰነ ርቀት ከሄደ በኋላ ብቻ ለፍንዳታ ዝግጁ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 በሲና በረሃ በተደረገው ጦርነት ሁለቱም ወሰኖች በተግባር ታይተዋል። የግብፅ እግረኛ ወታደሮች ሩቅ ያሉትን የእስራኤል ታንኮች በማልዩትካ ሲመቱ፣ የቀረቡትን ደግሞ በአርፒጂ 7 ይመቱ ነበር። ማልዩትካ 3,000 ሜትር ለመብረር 25 ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅበት፣ የእስራኤል ታንከኞች በዚያ ጊዜ ውስጥ ቦታ መቀየርንና ሚሳይሉ ወደተነሣበት አቅጣጫ መተኮስን ተማሩ።

ርቀቱ ሲያልቅ አደጋው አያልቅም

የጥይት የመብሳት ኃይል ፍጥነቱ በቀነሰ ቁጥር ይደክማል። የፀረ ታንክ ሚሳይል ኃይል ግን የሚመነጨው ከፍጥነቱ ሳይሆን ብረትን ለመብሳት ተብሎ ከተዘጋጀው ፈንጂ ነው። ስለዚህ ዒላማውን ስቶ ወይም ምሪቱ ተቋርጦ ሳይፈነዳ መሬት ላይ የወደቀ ሚሳይል ሙሉ ኃይሉን እንደያዘ ይቆያል። ዝገትና ዕድሜም አደጋውን አያስወግዱም።

በመሆኑም በእርሻ ማሳ፣ በግጦሽ መሬት ወይም በመንገድ ዳር ክንፍ ያለው የብረት ቱቦ፣ የሚሳይል ስብርባሪ ወይም በመሬት ላይ የተዘረጋ ረጅም ቀጭን ሽቦ ያየ ሰው የሚከተሉትን ጥንቃቄዎች ሊያደርግ ይገባል፦

• ዕቃውን አለመንካት፣ አለማንቀሳቀስና በአጠገቡ እሳት አለማንደድ፤
• ሽቦውን አለመጎተት፤ በሌላኛው ጫፍ ያልፈነዳ ሚሳይል ሊኖር ይችላልና፤
• በመጡበት ዱካ ተመልሶ መራቅ፣ ሕፃናትንና ከብቶችንም ወደ ስፍራው እንዳይቀርቡ መከልከል፤
• ለቁራሌው ለመሸጥ ብሎ አለመሰብሰብ፤
• ቦታውንና የዕቃውን መልክ ለይቶ በአቅራቢያው ላለ ፖሊስ፣ ለቀበሌ አስተዳደር ወይም ለመከላከያ ሠራዊት ክፍል ወዲያውኑ ማሳወቅ።

ያልፈነዱ ተተኳሾችን ማምከን የሠለጠኑ ባለሙያዎች ሥራ ነው። ከነዋሪው የሚጠበቀው አይቶ መራቅና በጊዜው ማሳወቅ ነው።