የተነከሰችው ሙሽራ

የጄን ኦስተን «ኩራትና ጭፍን ጥላቻ» እ.ኤ.አ. በ1813 ታተመ፤ ኤልሳቤጥና ዳርሲ ተናናቁ፣ ኋላም ተጋቡ። ስለ እሱ ይህ ይበቃል። የእኔ ጉዳይ በ2009 የፊላደልፊያው ኩዊርክ ቡክስ ካወጣው «ኩራት፣ ጭፍን ጥላቻና ዞምቢዎች» ጋር ነው። ያው ፍቅር፣ ያው ጭፈራ ነው፤ መሀል ላይ ግን ከመቃብር የሚነሱ ሙታንና ጎራዴ የሚመዙ እህትማማቾች አሉ።

«ተራ ቀልድ» እያሉ የሚያጣጥሉት ሰዎች ያበሽቁኛል። ሽፋኑ ላይ የኦስተንና የአዲሱ ጸሐፊ የሴዝ ግራሃም-ስሚዝ ስም አብሮ የሰፈረው ለጌጥ አይደለም፤ አብዛኛው ቃል የኦስተን የራሷ ነው። የቅጂ መብቱ ዘመን ካለፈ ስለቆየ፣ ሰውየው ስፌቱን ፈታ አድርጎ የራሱን ክር አስገባበት። እኔ ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ዘርግቼ፣ የተጨመረውን በእርሳስ እያሰመርኩ ነው ያነበብኩት። እርሳሴ ሥራ ፈትቶ የሚቆይባቸው ገጾች አሉ፤ ሐሜቱ ይደራል፣ ሻይ ይቀዳል፣ ከዚያ አንዲት ሐረግ ብቻ ገብታ ክፍሉን ታቀዘቅዘዋለች። ለምሳሌ በኦስተን መጽሐፍ ሜሪተን በተባለችው ከተማ የሰፈሩት መኮንኖች ከመጨፈር ሌላ ሥራቸው ብዙም አይታይም። እዚህ ግን ሙታኑን ሊዋጉ ነው የመጡት።

የሁሉም ቁንጮ የኤልሳቤጥ ወዳጅ ሻርሎት ሉካስ ናት። በዋናው ድርሰት 27 ዓመቷ ነው፤ መልክም ሀብትም የላትም፤ ለጎጆ ስትል ያንን ለፍላፊ ቄስ፣ ኮሊንስን አገባች። አንባቢም «ምን ታድርግ» ብሎ ያልፋታል። በአዲሱ ግን ተነክሳለች። ቀስ በቀስ ዞምቢ እንደምትሆን ታውቃለች፤ የምትፈልገው በቀሯት ወራት ባለትዳር መሆንና ጊዜው ሲደርስ አንገቷን ቆርጦ በወጉ የሚቀብራት ባል ነው። ንግግሯ እየተኮላተፈ፣ መልኳ እየተበላሸ ሲሄድ ኤልሳቤጥ ታያለች። አንድ ማዕድ የሚቆርሰው ባሏ ግን አያይም! ይህን አንብቤ ወደ ዋናው ድርሰት ተመለስኩ። ዞምቢ የለበትም፤ ኮሊንስ ግን እዚያም ቢሆን ሚስቱን አያያትም፣ የሚያወራው ስለ ባለውለታው ሌዲ ካትሪን ነው።

እባካችሁ ዋናውን ሳታነቡ ይህን አትጀምሩ፤ ውጊያ ፍለጋም ገጽ አትዝለሉ። አንድ ወዳጄ ተውሶኝ ከወራት በኋላ ሲመልስልኝ ደም የፈሰሰበትን ገጽ ሁሉ ጫፉን አጥፎታል። ሻርሎት ያለችባቸው ገጾች ግን እንደነበሩ ናቸው።