የትግራይ እሬቶች እንዴት ይለያሉ?

በአማርኛ እሬት፣ በትግርኛ ዕረ የሚባለው፣ በወፍራም ቅጠሉ ውኃ የሚቋጥረው ተክል አንድ ዝርያ ብቻ አይደለም። አሎ የተባለው ወገን ከ500 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ ከ40 የሚበልጡት በኢትዮጵያና በኤርትራ ይበቅላሉ። አንዳንዶቹ የሚገኙት በጠባብ አካባቢ ብቻ ስለሆነ ከአገሬው ሰው በቀር የሚያውቃቸው ጥቂት ነው።

የትግራይ እሬቶች በሳይንስ መመዝገብ የጀመሩት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ጀርመናዊው ዊልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በ1878 ዓድዋ ውስጥ እስኪሞት ድረስ ዕፅዋት ይሰበስብ ነበር። የፓሌርሞ የዕፅዋት ስፍራ ኃላፊ የነበረው ጣሊያናዊው ቶዳሮ አሎ ፐርክራሳን በ1875፣ አሎ ኤሌጋንስን በ1882 ሰየመ። ደቡብ አፍሪካዊው ጊልበርት ሬይኖልድስ ደግሞ በ1957 ሌላውን ዝርያ በአዲግራት ከተማ ስም አሎ አዲግራታና ብሎ ጠራው።

ለመለየት በመጀመሪያ ግንዱ ይታያል፦ ከመሬት ከፍ ይላል ወይስ ቅጠሉ ከአፈር ተያይዞ ይወጣል? ቀጥሎ የቅጠሉ ጠርዝና እሾህ፣ የአበባው ዘንግ ቅርንጫፎች አወጣጥ ይመረመራል። ወሳኙ ግን አበባው ነው። የአሎ ካምፔሪ አበባ ወደ ጫፉ ሲሄድ ይሰፋል፤ የቆላው አሎ ትሪኮሳንታ አበባ ጸጉር አለው። ቀለም ብቻውን ያሳስታል፤ አሎ ኤሌጋንስ ቢጫም፣ ብርቱካናማም፣ ቀይም ያብባል።

ለናሙና የሚወሰድ ወፍራም ቅጠል እንደ ሌላ ተክል ተጭኖ በቀላሉ አይደርቅም። ስለዚህ ቅጠሉ ለሁለት ተሰንጥቆ ሥጋው ይወጣለታል። ሲደርቅ ቀለሙና ቅርጹ ስለሚጠፋ፣ ተክሉ በሕይወት ሳለ ፎቶው፣ ልኩ፣ የበቀለበት ቦታና ከፍታው ይመዘገባል። ናሙናው ቀደም ብለው ከተሰየሙት ጋር ይነጻጸራል። በአገራችን ለዚህ የሚያገለግለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ) ነው። የዕፅዋት ተመራማሪዎቹ ሰብስቤ ደምሰውና ኖርዌያዊቷ ኢንገር ኖርዳል እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት የኢትዮጵያና የኤርትራ እሬቶች መጽሐፍም ዋና መመሪያ ነው።

ከዝርያ በላይ ያለው ምደባም ተለውጧል። እሬት በመጀመሪያ ከሊሊ ቤተሰብ ይቆጠር ነበር፤ በኋላ የራሱ ቤተሰብ ተሰጠው። የዘረ መል ጥናት ከተስፋፋ ወዲህ በአስፎዴላሴ ቤተሰብ ውስጥ ተመድቧል።

ከአሎ ቬራ በስተቀር የአሎ ዝርያዎች በሙሉ ዓለም አቀፍ ንግዳቸው የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚመለከተው በሳይተስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። በመቀሌ ሓድነት ክፍለ ከተማም ሆነ በከተማዋ ዙሪያ ባሉ ኮረብታዎች እሬት ያየ ሰው ሳይነቅል አበባውን ፎቶ ያንሳ፤ ቦታውንና ቀኑን ይጻፍ። ቦታው ያልተመዘገበ ናሙና ለምደባ የሚሰጠው ጥቅም እጅግ ጥቂት ነው።